ሩም በማንጎ

እናቴን ጠልቼ ነው ያደግኩት። እንዲህ ስናገር ሰው ያማትባል፤ «የወለደች እናት ትጠላለች?» ይለኛል። ትጠላለች እንጂ! እኔ ከአሥር ዓመቴ ጀምሮ ጠልቻታለሁ። የጀመርኩበትን ቀን ሳይቀር አውቀዋለሁ፤ ግንቦት 1977፣ ቅዳሜ፣ እናቴ የቀበሌያችንን ሊቀመንበር ሩም በሚባል የኩባ መጠጥ የጋበዘችበት ቀን ነው።

እናቴ ሸዋረጋ ጎንደር ከተማ ውስጥ ነርስ ነበረች። ዘለግ ያለች፣ አንገቷ የማይጎነበስ፣ ሰው አሥር ቃል ሲናገራት አንድ የምትመልስ ሴት። አባቴ አስማረ አስተማሪ ነበር፤ በ1970 ከቤት ወሰዱት፣ አልተመለሰም። ያኔ ሦስት ዓመቴ ስለነበር መልኩን የማውቀው ግድግዳው ላይ ከተሰቀለው ፎቶ ነው። አልጋ ሥር የቀረ ቡናማ ጫማ ነበረው። እናቴ በየዓመት በዓሉ ቀለም ትቀባውና ወልውላ መልሳ ታስቀምጠዋለች። ያን ጫማ ማንም እንዲነካው አልፈቅድም ነበር።

አባቴን የወሰዱት ቀን በራችን ላይ ጠመንጃ ይዞ የቆመው ዳኛው ነው። ይህን ሰፈሩ በሙሉ ያውቃል። ያ ዘበኛ በሰባት ዓመት ውስጥ አድጎ ሊቀመንበር ሆነ፤ ጓድ ዳኛው ተባለ፣ ካኪ ለበሰ፣ ደረት ኪሱ ላይ ሁለት እስክሪብቶ ሰካ። አንዱ ይጽፋል፣ ሌላው ለምን እንደሆነ እንጃለት። የቀበሌው ጽሕፈት ቤት ከደጃችን ፊት ለፊት ስለነበር በረንዳው ላይ ወንበር አውጥቶ ስንወጣም ስንገባም ያየናል። እናቴን ሲያይ ከንፈሩን ይልሳል።

አንድ ዓመት ሙሉ ደጅ ጠናት። ባል የሌላት ሴት ቤት አጥር የሌለው ቤት ነው እያለ ይመክራታል። እሷ «ጓድ ዳኛው፣ በሽተኛ ይጠብቀኛል» ብላው ታልፋለች። እንዲህ ብላው ስናልፍ እጇን ጥብቅ አድርጌ እይዛት ነበር፤ እንደሷ የምትኮራ እናት ያላት ልጅ በከተማው ውስጥ ያለ አይመስለኝም።

በዚያ ዓመት ጎረምሳ ለውትድርና ይታፈሳል። ወንድሜ ዋኘው አሥራ ስምንት ሞልቶት ነበር። አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ የለም፤ ባሕር ዳር አጎታችን ዘንድ ሄዷል አሉኝ። ሳይሰናበተኝ በመሄዱ ቂም ያዝኩበት። በማግሥቱ ደግሞ ኮርኒሳችን ላይ አይጥ ገባ። ኮሽ ይላል፣ ዝም ይላል፤ አንድ ጊዜ እንዲያውም አስነጠሰ። ድመት እናምጣ ብዬ እናቴን ነዘነዝኳት፤ ተቆጣችኝ። ከኛ ጋር የምትኖረው አክስቴ እንኳየሁ ግን ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጎስጉሳ ወደ ማድ ቤት ሮጠች። አይጥ ምን እንደሚያስቅ አልገባኝም።

አይጡ ወንድሜ ነበር። አርባ አንድ ቀን እዚያ ላይ በሆዱ ተኝቶ ከርሟል። ዳኛው ሁለት ጊዜ ቤታችንን አስፈትሿል፤ ሁለቱንም ጊዜ ከረሜላ ሰጥቶ ወንድምሽ የት ነው ብሎ ጠይቆኛል። እኔም ባሕር ዳር ብዬ ከረሜላውን እግሩ ሥር ጣልኩለት። የልጅ አፍ ወንፊት ነው፤ እናቴ ያልነገረችኝ ለዚህ ነው። የማላውቀውን በዱላም ቢሆን ሊያወጡብኝ አይችሉም። ዛሬ ልክ ነበረች እላለሁ፤ ያኔ ግን አንድ ቃል ብትነግረኝ ኖሮ የሆነው ሁሉ አይሆንም ነበር።

በግንቦት አንድ ቀን ከገበያ ስንመለስ ዳኛው ከበረንዳው እንደ ልማዱ ተጣራ። ወደ አገሩ የተመለሰ አንድ የኩባ ሐኪም ለእናቴ አንድ ጠርሙስ ሩም ትቶላት መሄዱን ሰምቷል። ጉንፋን የያዘውን ሰው ሁሉ የሚያውቅ ቀበሌ ሩሙን እንዴት ያጣዋል! ብቻሽን ልትጠጪው ነው ወይ አላት። በሽተኛ ይጠብቀኛል የምትል መስሎኝ ነበር። እናቴ ቆመች። ቅዳሜ ከምሳ በኋላ ይምጡ፣ ኩባዎቹ እንደሚያደርጉት በፍራፍሬ አድርጌ አቀርብልዎታለሁ አለችው። ደግሞም ሳቀች። እጄን ከእጇ መንጭቄ አወጣሁ።

እኔ ያየሁት ሳቋን ነው። ያላየሁት ይህንን ነው፦ ዳኛው ቅዳሜ ቅዳሜ በአሥር ሰዓት ወደ ሳንጃ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለውን ኬላ ሊቆጣጠር ይሄዳል። ሌሎቹ ዘቦች ወረቀት ብቻ ነው የሚያዩት፤ የሰፈሩን ጎረምሳ በመልኩ የሚያውቀው እሱ ነው። በዚያ ቅዳሜ አንዲት የጭነት ማኪና ዋኘውን አሳፍራ በአሥር ሰዓት ተኩል ኬላውን ታልፋለች። ከሳንጃ ወዲያ ሱዳን ነው። ዳኛው ኬላው ላይ ከተገኘ ወንድሜ አለቀለት፤ ዳኛው እኛ ሶፋ ላይ ተዘርሮ ካንኮራፋ ወንድሜ ዳነ። ሩሙ ለዚህ ነበር።

በማግሥቱ የጎረቤታችን ልጅ ውቢት እናትሽ ጓድ ዳኛውን ልታገባ ነው አሉ አለችኝ። ፊቷን ቧጨርኳት። ዓርብ ማታ ደግሞ እናቴ የአባቴን ጫማ ካልጋ ሥር አወጣችው። በዓል አልነበረም። ቀለም ቀባችው፣ ሱሪውን በከሰል ካውያ ተኮሰችው። ለማን ነው ብላት አልሰማ አለችኝ። አልጋዬ ላይ ሆኜ ጆሮዬን ቀሰርኩ። አክስቴ ጫማው ልኩ ይሆናል ወይ ስትል እናቴ በካልሲ ይሞላል አለቻት። ቀጥላ «ብቻ እኔ ሰውዬውን ሁለት ሰዓት ልያዘው» አለች። የአባቴን ጫማ ዳኛው ሊያደርገው ነው! ሌሊቱን በሙሉ ለእናቴ የሚሆን ስድብ ስፈልግ አደርኩ፤ በማውቀው ስድብ ሁሉ ሰደብኳት።

ቅዳሜ ጠዋት እናቴ ሥራ ገባች። አክስቴ ማድ ቤት ሽንኩርት ታቁላላለች። ቡፌውን ከፍቼ ጠርሙሱን አወጣሁት። ሽታው የተቃጠለ ስኳርና መድኃኒት ነው። ጓሮ ወስጄ ጌሾው ሥር ደፋሁት፤ ለሽታው ያህል ሁለት ጣት አስቀረሁ። ከቁርስ የተረፈ ሻይ ማንቆርቆሪያው ውስጥ በርዶ ቁጭ ብሏል፣ መልኩም ቁርጥ ሩሙን። እስካፉ ድረስ ሞላሁትና ቡሹን ደፍኜ ወደ ቦታው መለስኩት። ዳኛው ቀምሶ ይተፋዋል፣ እናቴን ሰድቦ ይወጣል፣ ሁለተኛም አይመጣም ብዬ ነው ያሰብኩት። በሕይወቴ እንደዚያ ጠዋት በራሴ የረካሁበት ጊዜ ትዝ አይለኝም።

እናቴ በስድስት ሰዓት የክትባት መድኃኒት የሚያዝበትን ሰማያዊ ሣጥን በትከሻዋ አንግታ መጣች። ውስጡ በረዶ ነው። ንጹሕ ጨርቅ ውስጥ ቋጥራ ሙቀጫ ውስጥ ከተተችና ዘነዘናውን ለኔ ሰጠችኝ። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ይባላል፤ እኛ ቤት ያን ቀን ውሃ ተወቀጠ። እያንዳንዱን ምት የዳኛው ራስ ላይ ነው ያሳረፍኩት።

እሷ ከመተማ የመጣ ማንጎ ትልጣለች። ጭማቂው እስከ ክርኗ ይወርዳል፣ ቤቱ በሽታው ተሞልቷል። ብርቱካን ጨመቀች፣ ሎሚ ጨመቀች፣ ሐኪሙ የተወላትን የአናናስ ቆርቆሮ በቢላ ከፈተች። አሠራሩ መድኃኒት ማዘዣ ወረቀት ጀርባ ላይ ተጽፏል። ሩሙን በሽሮፕ መለኪያ እየለካች ክዳን ባለው ትልቅ ብልቃጥ ውስጥ ጨመረች። ወረቀቱ አራት ይል ነበር፤ እሷ አሥር ጨመረች። ለሱ ሲሆን እጇ እንዴት ተፈታ ብዬ ታዘብኳት። ከዚያ በረዶውን ከትታ ክዳኑን አጠበቀች፣ በፎጣ ጠቀለለችና ጣቶቿ በብርድ እስኪቀሉ ናጠችው። አልቀመሰችውም፤ መጠጥ የሚባል አፏን አይነካም ነበር። ቢጫ ሆኖ፣ አረፋ አውጥቶ፣ ሽታው ምራቅ የሚያስውጥ ሆኖ ወጣ። አይጡ ኮርኒሱ ላይ ተንቀሳቀሰ።

ዳኛው በስምንት ሰዓት አንድ ጠባቂ አስከትሎ መጣ። ጠባቂውን አክስቴ ጠላና ጥብስ ብላ ወደ ማድ ቤት ወሰደችው። ሊቀመንበሩ ሶፋው ላይ፣ ልክ ከአባቴ ፎቶ ሥር ተንሰራፋ። ቆቡን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ስለ ኋላ ቀር ልማድ ንግግር ጀመረ፤ በየስብሰባው የሚለውን ነው። እናቴ ብርጭቆውን በሰሐን አድርጋ አቀረበችለት። እጁን ሊዘረጋ ሲል ሰበሰበው።

«ቅመሽልኝ እንጂ» አላት።

በአገራችን ቀጂዋ መጀመሪያ መዳፏ ላይ ጠብ አድርጋ ትቀምሳለች፤ መርዝ የለበትም ማለት ነው። ልማድ ይወገድ ሲል የነበረው ሰውዬ ነፍሱ ላይ ሲመጣ ልማዱ ትዝ አለው። እናቴ መዳፏ ላይ ጠብ አድርጋ ቀመሰች። እጇ አፏ ላይ ትንሽ ቆየ። ከዚያ ቀና ብላ በሩ አጠገብ የቆምኩትን እኔን አየችኝ። ዓይኗ የትም ሳይሄድ እኔ ላይ ቆየ።

«ሸጋ ሆኗል» አለች። ብርጭቆውንም ሰጠችው።

ዳኛው ቀመሰ፣ ከንፈሩን ላሰ፣ ጨለጠው። አልተፋውም። ኩባዎች የሚጠጡት ይህን ከሆነ አብዮታቸው ጣፋጭ ነው አለ። ሁለተኛ ጠጣ፣ አራተኛ ጠጣ። ምንም አልሆነም፤ ሻይ በማንጎ ምን ያደርገዋል? እኔን ነው እንጂ የተንኮሌ መክሸፍ ያቃጠለኝ። እናቴ ከጓዳ የአክስቴን አረቄ አውጥታ ሞከረች፤ አረቄ የገበሬ ነው ብሎ ገፋው። ሰዓቱን አየ፤ አሥር ሊሆን ሩብ ጉዳይ ነበር። ቆቡን አደረገና ተነሳ፤ ኬላ ይጠብቀኛል አላት።

እናቴ በሩና እሱ መካከል ቆመች። ግድግዳውን እንጂ እሱን አታይም ነበር። ከዚያ እጇን ዘርግታ ቆቡን ከራሱ ላይ አነሳችው። መልሳ አስቀመጠችውና ከጎኑ ተቀመጠች፤ ቆቡን ጭኗ ላይ አድርጋ። ያቺ አንገቷ የማይጎነበስ ሴትዮ! ዛሬ ቅዳሜ ነው፣ ኬላው የት ይሄዳል አለችው። ትከሻዋ ላይ እጁን ጣል ሲያደርግ አላነሳችውም።

«አባቴ ያይሻል» አልኳት።

ብድግ ብላ ክንዴን ያዘችኝና ደጅ አወጣችኝ። በሩ ከኋላዬ ተዘጋ፣ መቀርቀሪያው ገባ።

ደረጃው ላይ ተቀምጬ ተንሰቀሰቅሁ። ጥቂት ቆይቶ ከጓሮ በኩል ነጭ ጋውን የለበሰ፣ አፉን በጨርቅ የሸፈነ ቀጭን የሆስፒታል ሠራተኛ ሰማያዊውን ሣጥን በትከሻው አንግቶ መጣ። ሣጥኑን ሊወስድ የመጣ ነው ብዬ አሰብኩ። በአጠገቤ ሲያልፍ ቆም አለና ራሴን ዳሰሰኝ። ዝቅ ብዬ ሳይ ያደረገው የአባቴን ጫማ ነው። ጫማውን ለዳኛው እንኳ አልሰጠችውም፣ ለመንገደኛ ሰጠችው ማለት ነው! እጁን በጥፊ መትቼ ከራሴ ላይ አነሳሁት። ወጥቶ ሄደ። ወንድሜን የተሰናበትኩት እንዲህ ነው።

ማኪናዋ ኬላውን በሰላም አለፈች። ዳኛው የዚያን ቀን ከቤታችን የወጣው አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ነው።

ሩሙ ሩም ቢሆን ኖሮ ተኝቶ ይነቃና አፍሮ ይቀር ነበር። ሙሉ ልቡን ይዞ ስለነበር ግን አላፈረም፤ ወደ ሌላ አውራጃ እስኪዛወር ድረስ ሁለት ዓመት ሙሉ ቅዳሜ ቅዳሜ ራሱን ጋበዘ። እናቴም በር ትከፍታለች፤ እምቢ ብትል ልጅሽ የት ገባ የሚለው ጥያቄ ይነሳል። ሰፈሩ ስም አወጣላት፤ ውሃ ስትቀዳ ሴቶቹ ምራቃቸውን ይተፋሉ። እኔም ከነሱ ጋር ሆንኩ። እማዬ ማለት ትቼ «አንቺ» እላት ጀመር። ያቀረበችውን አልበላም፤ ባደባባይ ሳገኛት ሌላ መንገድ እይዛለሁ። በአሥራ ሰባት ዓመቴ የመምህራን ማሠልጠኛ ስገባ ደህና ሁኚ አላልኳትም።

ደርግ ወድቆ የዋኘው ደብዳቤ ከካርቱም ሲመጣ አክስቴ እንኳየሁ አስቀምጣ ሁሉንም ነገረችኝ፤ ኮርኒሱን፣ ኬላውን፣ ጫማውን። ሩሙ ለምን ሰውዬውን እንዳልጣለው ግን እሷም አታውቅም፤ የኩባ ነገር ድሮም ለታይታ ነው አለች። ዝም አልኩ። ያ ዝምታ ሠላሳ ዓመት ሄደ። እናቴም እንደ አክስቴ ሩሙ ደካማ ነበር ብላ ነው የምታስበው እያልኩ ራሴን አባበልኩ። ለዓመት በዓል መምጣት ጀመርኩ፣ እግሯን ማጠብ ጀመርኩ፤ መጥላቴን ግን አልተውኩም። ሰው የበደለውን ሰው ይብስ ይጠላል። ሳያት የማየው ጌሾውን ነው።

ባለፈው ግንቦት ዋኘው መጣ። ሽማግሌ ሆኗል። ምን ይሠራልህ ብንለው ያንን መጠጥ አለ። ኮርኒሱ ላይ ሆኖ የማንጎውና የሎሚው ሽታ አንጀቱን ሲበጥሰው ውሎ አንዲት ጠብታ ሳይቀምስ ነው አገር የለቀቀው። ሩሙ ዛሬ በየሱቁ አለ። ላጥኩ፣ ጨመቅኩ፣ በረዶውን በዚያው ሙቀጫ ወቀጥኩ። እናቴ ከዘራዋን ይዛ ከሶፋው ላይ ታየኛለች፤ ሰባ አምስት ዓመቷ ነው፣ አንገቷ ዛሬም አልጎነበሰም።

የመጀመሪያውን ብርጭቆ ለሷ አቀረብኩ። እንደ ደንቡ መዳፌ ላይ ጠብ አድርጌ ቀመስኩ። በማንጎው መሐል እሳቱ ምላሴን ጠበሰው።

እጄ አፌ ላይ ቀረ። ቀምሳ ነበር። ያን ቀን፣ ፊት ለፊቴ፣ ከሱ በፊት ቀምሳለች። ሩሙ እንደሌለበት በመጀመሪያዋ ጠብታ አውቃለች፤ ማን እንደደፋውም አውቃለች፤ ሸጋ ሆኗል ያለችው አውቃ ነው። እሷን ሶፋው ላይ ያስቀመጥኳት እኔ ነኝ። ያን ሁሉ ቅዳሜ በራችንን ያስከፈትኩት እኔ ነኝ። ይህን ብትነግረኝ በዚያች ቀን ጥላቻዬ ያበቃ ነበር፤ እሷ ግን ልጄ ራሷን ከምትጠላ እኔን ትጥላ ብላ እስከዛሬ ተጠላችልኝ።

እግሯ ሥር ተቀመጥኩ።

«እማዬ» አልኳት። ይህን ቃል አፌ ረስቶት ነበር። «ያን ቀን ቀምሰሽዋል።»

ብርጭቆውን ከእጄ ወሰደች። ቀመስ አድርጋ እንደማታውቀው ነገር ፊቷን አኮሳተረች፤ እውነተኛውን ሩም ስትቀምስ ገና የመጀመሪያዋ ነው።

«ሻዩን ስኳር አላደረግሽበትም ነበር» አለችኝ።